የቆሬ ልጆች ለምን አልሞቱም? ዘርና ታማኝነት በጥንቱ የእስራኤል አምልኮ

አባት ያገለገለበትን መንበር ልጅ ሲረከብ በምእመናን መካከል የሚነሣው ክርክር አዲስ አይደለም። በአገር ቤትም ሆነ በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ የአማርኛ ተናጋሪ ጉባኤያት፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን መሪ ልጁን ወይም ወንድሙን ወደ ኃላፊነት ባመጣ ቁጥር ሰዉ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «በእስራኤል ክህነት በዘር ነበር፤ አሮን ልጁን አልዓዛርን አልተካም ወይ?» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «የዔሊ ልጆችስ መጨረሻቸው ምን ሆነ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚጠቅሱት አንድ መጽሐፍ ነው፤ ሁለቱም ግን እኩሌታውን ብቻ ነው የሚያነቡት። ነገሩ ከሁለቱም ወገን አባባል ይልቅ የተወሳሰበ፣ ደግሞም እጅግ የሚደንቅ ነው። በእኔ ንባብ ዘር በጥንቱ የእስራኤል አምልኮ ሰውን ወደ ሥራው የሚያደርስ በር ነበር፤ ሰውየው ከገባ በኋላ በሥራው መጽናቱ ግን በየትውልዱ እንደ አዲስ በታማኝነት ይመዘን ነበር። ይህንን አጥርተው የሚያሳዩት ስማቸው ጎልቶ የሚጠራው ሊቃነ ካህናት አይደሉም፤ በረኞቹና መዘምራኑ፣ ከእነርሱም ሁሉ በላይ የዐመፀኛው የቆሬ ልጆች ናቸው።

ከመነሻው እንጀምር። የአገልጋዮቹ ነገድ አባት ሌዊ ራሱ በበጎ ስም አልተነሣም። ያዕቆብ ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ በተናገረ ጊዜ፣ ስምዖንና ሌዊ በሴኬም ላፈሰሱት ደም ቁጣቸውን ረግሞ በእስራኤል መካከል እንደሚበትናቸው ነግሯቸዋል። ሌዋውያን በኋላ ርስት ሳይኖራቸው በአርባ ስምንት ከተሞች ተበትነው የኖሩት በዚያ ቃል መሠረት ነው ማለት ይቻላል። መበተኑ ግን በሲና በረሃ መልኩን ለወጠ፤ ሕዝቡ ለወርቁ ጥጃ በሰገደ ጊዜ ወደ ሙሴ የተሰበሰቡት የሌዊ ልጆች ነበሩና፣ እርግማን የነበረው መበተን የአገልግሎት መበተን ሆነ። እንግዲህ «የተመረጠ ዘር» የሚባለው ነገድ ታሪኩ የሚጀምረው ከተግሣጽ ነው፤ በዘር የሚመካ ሰው ይህንን አስቀድሞ ሊያስታውስ ይገባዋል።

በምድረ በዳ የሥራው ድርሻ በሦስቱ የሌዊ ልጆች ቤት ተከፈለ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ እስከ አምሳ ዓመት የሆኑት ሲቆጠሩ ከቀዓት ቤት 2,750፣ ከጌድሶን ቤት 2,630፣ ከሜራሪ ቤት 3,200፣ በድምሩ 8,580 ሆኑ። የጌድሶን ልጆች መጋረጃውንና መደረቢያውን፣ የሜራሪ ልጆች ሳንቃውን፣ ምሰሶውንና እግሮቹን ይሸከሙ ነበር። አለቆቹ ስድስት ሠረገላና አሥራ ሁለት በሬ ባመጡ ጊዜ ሙሴ ሁለቱን ሠረገላ ለጌድሶን፣ አራቱን ለሜራሪ ሰጠ። ለቀዓት ቤት ግን አንድም አልሰጠም። ታቦቱን፣ መቅረዙን፣ ገበታውንና መሠዊያዎቹን መሸከም የእነርሱ ድርሻ ነበርና፣ ይህም በሠረገላ ሳይሆን በትከሻ የሚደረግ ነበር። ካህናቱ ንዋያተ ቅድሳቱን ሸፍነው ሳይጨርሱ ቀዓታውያን መቅረብ አልተፈቀደላቸውም፤ ቢነኩ ይሞታሉ። ከሌዋውያን ሁሉ ወደ ቅዱሱ ነገር የቀረበው ቤት ከሁሉ የከበደው ሸክምና ከሁሉ የጠበቀው ገደብ ተጣለበት ማለት ነው።

ቆሬ ከዚህ ቤት ነበር፤ የቀዓት ልጅ የይስዓር ልጅ። ከሁለት መቶ አምሳ ታዋቂ ሰዎች ጋር በሙሴና በአሮን ላይ የተነሣው ተራ ሰው ሆኖ አልነበረም፤ ታቦቱን በትከሻው የሚሸከም ቤት ልጅ ነበር። ንግግሩም ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል ይመስላል፤ ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ነው፣ እናንተ ስለ ምን ከፍ ከፍ ትላላችሁ የሚል ነበር። ሙሴ ግን ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን አየ፤ የእስራኤል አምላክ ወደ ማደሪያው ሥራ ያቀረባችሁ አንሷችሁ ነው ክህነትንም የምትፈልጉት ብሎ ጠየቀው። ፍጻሜውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቆሬን ምድር ዋጠችው፣ ሁለት መቶ አምሳውንም እሳት በላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እምብዛም አይሰበክም። ሁለት መቶ አምሳው ሰዎች ያጠኑባቸው የናስ ጥናዎች ከእሳቱ መካከል ተለቅመው፣ በካህኑ በአልዓዛር እጅ ተቀጥቅጠው ጠፍጣፋ ሆኑና የመሠዊያው መለበጫ ተደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሥዋዕት ይዞ የቀረበ ሁሉ የዐመፁን ናስ በዓይኑ ያየው ነበር፤ ተቀጥቅጦ፣ ነገር ግን ከመሠዊያው ሳይርቅ።

በቤተሰቡም ላይ የሆነው ይኸው ይመስላል። በዘኍልቍ መጽሐፍ ውስጥ ከቈጠራው ዝርዝር መካከል «የቆሬ ልጆች ግን አልሞቱም» የምትል አጭር ዐረፍተ ነገር ተቀምጣለች። ምክንያት አልተሰጠባትም፣ ማብራሪያም አልተጨመረባትም። በኦሪት ዘጸአት ስማቸው ተጽፏል፤ አሴር፣ ሕልቃና፣ አብያሳፍ። አባታቸው በዚያ ቀን በቆመበት ስፍራ አልቆሙም ብሎ መገመት ይቻላል፤ የአይሁድ መምህራንም በልባቸው ንስሐ ገቡ ብለው ተርከዋል። የተረጋገጠው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከአብያሳፍ ወገን የእግዚአብሔር ቤት በረኞች ወጡ። ከሕልቃና ስም ወራሾች መካከል፣ በኤፍሬም ተራራማ አገር ይኖር የነበረና ሐና የምትባል ሚስት የነበረችው ሌላ ሕልቃና ተገኘ፤ ልጁም ሳሙኤል ነው። ዜና መዋዕል ቀዳማዊ በምዕራፍ 6 የመዘምሩን የኤማንን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር፣ ኤማን የኢዮኤል ልጅ፣ ኢዮኤል የሳሙኤል ልጅ እያለ ወደ ላይ ወጥቶ ከቆሬ ይደርሳል፤ ከቆሬም እስከ ሌዊ፣ እስከ እስራኤል።

ይህችን ሐረግ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ከላይ ያለው ቆሬ ምድር የዋጠችው ዐመፀኛ ነው። መካከል ላይ ያለው ሳሙኤል ከነቢያት አንዱ ታላቅ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ኢዮኤል ከወንድሙ ከአብያ ጋር በቤርሳቤህ ፈራጅ ሆኖ ሳለ ከአባቱ መንገድ ፈቀቅ ያለ፣ ጉቦ የተቀበለና ፍርድ ያጣመመ ሰው ነው፤ ሽማግሌዎቹ ንጉሥ አንግሥልን ብለው ወደ ሳሙኤል የመጡትም በዚህ ምክንያት ነበር። የዚህ የጉቦኛው ልጅ ኤማን ነው። ንጉሡ ዳዊት መዘምራንን በሦስት ወገን ሲያቆም፣ አሳፍ በቀኝ፣ ኤታን በግራ፣ ኤማን በመካከል ነበር የቆመው። አሥራ አራት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ሁሉም በአባታቸው እጅ ሥር በጸናጽል፣ በበገናና በመሰንቆ ለዝማሬ የተሰማሩ ነበሩ። ዘር ብቻውን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ከሳሙኤል ኢዮኤል ባልወጣ ነበር፤ ዘር ብቻውን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮም ከኢዮኤል ኤማን ባልወጣ ነበር።

እዚህ ላይ ሊቃውንት የሚከራከሩበትን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። መጽሐፈ ሳሙኤል ሕልቃናን ከኤፍሬም ተራራማ አገር የመጣ ሰው አድርጎ ሲያስተዋውቀው ሌዋዊ መሆኑን አያነሣም። አንዳንዶቹ ሳሙኤል በትውልዱ ኤፍሬማዊ ሆኖ ሳለ፣ በሴሎ መቅደስ ስላደገና ስላገለገለ በኋላ ዘመን በሌዋውያን መዝገብ ገባ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ በመጽሐፈ ኢያሱ ከቀዓት ልጆች አንዳንዶቹ ከተሞቻቸውን ከኤፍሬም ነገድ እንደተቀበሉ ተጽፏልና፣ ኤፍሬም የመኖሪያው እንጂ የዘሩ ስም አይደለም ይላሉ። የጌት ሰው አቢዳራም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። ዖዛ ታቦቱን ነክቶ በሞተ ጊዜ ዳዊት ፈርቶ ታቦቱን በአቢዳራ ቤት አስቀመጠው፤ ሦስት ወርም ቆየ። በዜና መዋዕል አቢዳራ የሚባል በረኛ ከሌዋውያን መካከል ይቆጠራል፣ ከልጆቹና ከወንድሞቹ ጋርም ለአገልግሎት የበቁ ስድሳ ሁለት ሰዎች ተቆጥረዋል። ሁለቱ አንድ ሰው ከሆኑ፣ «ጌት» የፍልስጥኤማውያን ከተማ ናት ወይስ የቀዓታውያን ከተማ ጌትሪሞን የሚለው እስከ ዛሬ አልተቋጨም። የትኛውም ቢሆን፣ ታቦቱን በፍርሃትና በአክብሮት ያስተናገደ ቤት ከበሩ አልራቀም።

ወደ ዔሊ ቤት ስንመጣ የሥዕሉን ሌላ ገጽ እናገኛለን። የካህኑ የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ የተከሰሱበት ነገር በመጀመሪያ ሲታይ የወጥ ቤት ጉዳይ ይመስላል። ሥጋው በሚቀቀልበት ጊዜ የካህኑ ሎሌ ሦስት ጣት ያለው ሜንጦ ይዞ ይመጣል፣ በብረት ምጣዱ ወይም በድስቱ ውስጥ ይሰድዳል፣ ሜንጦውም ያወጣውን ሁሉ ለካህኑ ይወስዳል። ይባስ ብሎም ስቡ ሳይቃጠል ጥሬውን ሥጋ ይጠይቃል፤ ሰውየው ስቡ አስቀድሞ ይቃጠል ቢል በግድ እወስዳለሁ ይለዋል። ሕጉ የካህኑን ድርሻ አስቀድሞ ወስኗል፤ ስቡም የእግዚአብሔር ነው። በሜንጦ የሚወሰደው እንግዲህ ሥጋ ብቻ አልነበረም፤ መሥዋዕት ያመጣው ሰው በመሠዊያው ላይ ያለው እምነት አብሮ ይወሰድ ነበር፤ ጽሑፉም ሰዎች የእግዚአብሔርን ቍርባን ይንቁ እንደነበር ይናገራል። ለዔሊ የተላከው ነቢይ ያመጣው ቃል ለክርክራችን ቁልፉ ነው። ቤትህና የአባትህ ቤት ለዘላለም በፊቴ ይሄዳሉ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ይህ ከእኔ ይራቅ፣ ያከበሩኝን አከብራለሁና፤ የሚል ነው። ለዘላለም ተብሎ የተሰጠ ተስፋ ከሁኔታ ጋር እንደተሰጠ የተገለጠው በዚህ ቀን ነው።

ፍርዱ ሲፈጸም ግን ጊዜ ወሰደ። የዔሊ የልጅ ልጆች ወገን የሆነው አብያታር ከዳዊት ጋር በስደት ተንከራተተ፣ ታቦቱንም ተሸከመ፤ በመጨረሻ የሰሎሞንን ወንድምና የዙፋን ተቀናቃኝ አዶንያስን ስለደገፈ ሰሎሞን ወደ እርሻው ወደ ዓናቶት ሰደደውና ሳዶቅ በስፍራው ተተካ። ልብ በሉ፤ የአብያታር ቤት የወጣበት የአሮን ልጅ የኢታምር ወገን በሙሉ አልተጣለም። ካህናቱ በሃያ አራት ክፍል ሲደራጁ ከአልዓዛር ልጆች አሥራ ስድስት፣ ከኢታምር ልጆች ስምንት አለቆች ተመድበዋል። ደግሞም ነቢዩ ኤርምያስ «በብንያም አገር በዓናቶት ከነበሩ ካህናት» ወገን እንደሆነ የመጽሐፉ የመጀመሪያ መስመር ይነግረናል። ከተሰደደው ከአብያታር ቤት ይወለድ አይወለድ በቀጥታ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ከተባረሩት ካህናት መንደር ለቤተ መቅደሱ ሰዎች እጅግ የመረረውን እውነት የተናገረ ነቢይ መውጣቱ ልብ ይነካል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የዘር ታሪክ ግን በመጽሐፈ መሳፍንት መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ሚካ የሚባል ሰው በቤቱ ጣዖት አሠርቶ ሳለ፣ የሚኖርበት ስፍራ ፍለጋ ከቤተ ልሔም የተነሣ አንድ ወጣት ሌዋዊ አገኘና፣ በዓመት አሥር ብር፣ ልብስና ምግብ ሊሰጠው ተዋውሎ ካህን አደረገው። ሌዋዊው በኋላ የተሻለ ቦታ ሲያገኝ ጣዖቱን ይዞ ከዳን ሰዎች ጋር ሄደ። ስሙ በታሪኩ ፍጻሜ ነው የሚገለጠው፤ የጌርሳም ልጅ ዮናታን፣ ጌርሳምም የሙሴ ልጅ። የዕብራይስጥ ጸሐፍት የሙሴን ክብር ለመጠበቅ ሲሉ በዚህ ቦታ «ሙሴ» በሚለው ስም ላይ አንዲት የ«ነ» ፊደል ከመስመር ከፍ አድርገው ጨምረዋል፤ ስሙ «ምናሴ» ተብሎ እንዲነበብ። ፊደሏ እስከ ዛሬ በብራናዎቹ ላይ ተንጠልጥላ ትታያለች። ከሙሴ መወለድ ዮናታንን ከጣዖት አላዳነውም፤ ጸሐፍቱም ነገሩን ፈጽመው ከመሰረዝ ይልቅ በአንዲት ፊደል ሸፍነው ምስክርነቱን ጠብቀውታል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ዘር ምንም አልነበረም የሚሉትን የሚመልስ ታሪክ አለ። ኢዮርብዓም በሰሜኑ መንግሥት ከሌዊ ልጆች ያልሆኑትን ከሕዝቡ ሁሉ ካህናት አድርጎ ሾመ፤ ጸሐፊውም ይህንን እንደ ኃጢአት ቈጥሮታል። ችግሩ የሰዎቹ ዝቅተኛነት አልነበረም። ሹመቱ ከንጉሡ እጅ ብቻ የመጣ፣ ለንጉሡም ብቻ ተጠያቂ የሆነ ስለነበረ ነው። በዘር የተወረሰ አገልግሎት አንዱ ጥቅሙ ይህ ነበር፤ ንጉሥ ቢለወጥም ባይለወጥም በረኛው የአባቱን በር ይጠብቃል፣ ለሹመቱም የቤተ መንግሥት ውለታ የለበትም።

ስለ በረኞቹ ስናነሣ የዜና መዋዕል ቀዳማዊ 9ኛ ምዕራፍ የሚሰጠን ሥዕል እጅግ ቅርብ ነው። በመድረኩ ላይ የተመረጡት በረኞች ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ በየመንደራቸው የተቈጠሩ፣ ከአራቱ አለቆች በቀር በየሰባቱ ቀን እየተፈራረቁ የሚመጡ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰሞነኛ የምንለው ያው ነው። አራቱ አለቆች ግን ሌሊቱን በቤቱ ዙሪያ ያድራሉ፤ በየማለዳውም የሚከፍቱት እነርሱ ናቸው። የአገልግሎቱ ዕቃ ሲወጣ በቍጥር ይወጣል፣ ሲገባም በቍጥር ይገባል። ዱቄቱን፣ ወይኑን፣ ዘይቱን፣ ዕጣኑንና ቅመሙን የሚጠብቁ ነበሩ። የቆሬያዊው የሰሎም በኵር ማቲትያ ደግሞ በምጣድ በሚጋገረው ነገር ላይ ተሹሞ ነበር። ታቦት ከሚሸከም ቤት የተወለደ ሰው ምጣድ ላይ ተቀምጧል፤ ጽሑፉም ይህንን እንደ ውርደት አይቆጥረውም። በዚያው ምዕራፍ ስለ በረኞቹና ስለ ማቲትያ ሥራ ሦስት ጊዜ የተደጋገመው የዕብራይስጥ ቃል «ኤሙና» ነው። ይህ ቃል እኛ አመነ፣ ታመነ፣ ታማኝ፣ አሜን ከምንልበት ከዚያው ሴማዊ ሥር የወጣ ነው። ሊቃውንት በዚህ ስፍራ ቋሚ ሹመት ተብሎ ይተርጐም ወይስ ታማኝነት ይከራከራሉ። ለእኔ ክርክሩ ራሱ መልሱን ይዟል፤ ለዚያ ጸሐፊ አንድን ሥራ በቋሚነት መያዝና ታምኖ መሥራት በአንድ ቃል የሚነገሩ ነበሩ።

ምደባውም በዕጣ ነበር። ለየበሩ ታናሹም ታላቁም እኩል ዕጣ ተጣጣሉ፤ የምሥራቁ በር ለሰሌምያ ወጣ፣ ብልህ አማካሪ የተባለው ልጁ ዘካርያስ የሰሜኑን አገኘ። ለመዘምራኑም እንደዚሁ ነበር፤ በዝማሬ የተማሩትና ብልሃተኞቹ ሁሉ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ሲሆኑ፣ አስተማሪም ከተማሪ ሳይለይ በሃያ አራት ዕጣ በአሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ተመደቡ። የኤማን ልጅ ነኝ ማለት ለዝማሬው ሜዳ ያስገባል፤ የትኛው ሰሞን እንደሚደርሰው ግን አባቱ አይወስንለትም፣ ሳይማርም አይዘምርም። ከመዝሙረ ዳዊት ውስጥ አሥራ አንዱ «የቆሬ ልጆች» የሚል አርእስት አላቸው። በአገራችን ዳዊት በ83ኛው ተራ ላይ ያለው መዝሙር ከመካከላቸው ነው፤ በኃጢአተኞች ድንኳን ከመቀመጥ በእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ መጣልን የሚመርጠው። የዕብራይስጡ ቃል ከ«መድረክ» የወጣ ነው። በረኛ የጻፈው፣ በረኛ የዘመረው ይመስላል፤ ያውም አባቱ የተሰጠው ስፍራ አንሶት የጠፋበት በረኛ።

እነዚህ ስሞች በመጽሐፍ ብቻ የቀሩ አይደሉም። በደቡብ ይሁዳ፣ በአራድ ምሽግ በ1960ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው ቍፋሮ ከተገኙት ጽሑፍ ያለባቸው የሸክላ ስባሪዎች በአንዱ ላይ፣ ከሌሎች የቤተሰብ ስሞች ጋር «የቆሬ ልጆች» የሚል ይነበባል፤ ከአጠገቡም ቍጥር ተጽፏል። በዚያ ምሽግ ውስጥ መቅደስ ነበረ። በኢየሩሳሌም በቄድሮን ሸለቆ ውስጥ ከዐለት የተፈለፈለ አንድ መቃብር ላይ ደግሞ የካህናት ወገን የሆኑ «የሔዚር ልጆች» ስም ተቀርጿል፤ ሔዚር ከሃያ አራቱ ክፍሎች የ17ኛው ስም ነው። በ1962 በቂሣርያ የተገኙት የድንጋይ ጽሑፍ ስባሪዎች፣ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ ከብዙ ዘመን በኋላም የሃያ አራቱ ሰሞነኞች ተራ በምኵራብ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይታወስ እንደነበር ያሳያሉ። መሠዊያ ሳይኖር ተራውን ጠብቀውት ነበር።

ከባቢሎን ምርኮ መልስ የዘር ጥያቄ ከበፊቱ ይልቅ ጠበቀ። በዕዝራ መጽሐፍ ዝርዝር መሠረት የተመለሱት ካህናት 4,289 ሲሆኑ ሌዋውያኑ 74፣ የአሳፍ ልጆች መዘምራን 128፣ የበረኞች ልጆች 139 ብቻ ነበሩ። የኤብያ፣ የአቆስና የቤርዜሊ ልጆች የትውልድ መጽሐፋቸውን ፈልገው አላገኙትም። ቤርዜሊ ዳዊትን በስደቱ የመገበ የከበረ የገለዓድ ሰው ነበር፤ ከልጆቹ አንዲቱን ያገባ ካህን በአማቱ ስም ተጠራና የራሱ ቤት ሐረግ በዚያ ጠፋበት። በታዋቂ ስም መጠራት ዘሩን እንዲረሳ አደረገው። አገረ ገዡ ግን ፈጽሞ አላባረራቸውም፤ ኡሪምና ቱሚም፣ ማለትም የእግዚአብሔር ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ነገሮች፣ ያሉት ካህን እስኪነሣ ድረስ ከቅዱሱ ነገር እንዳይበሉ አዘዘ። ዕዝራም በኋላ በአኅዋ ወንዝ ዳር የራሱን ጉዞ ሲያደራጅ ከሌዊ ልጆች አንድ እንኳ አላገኘም፤ መልእክተኞች ልኮ ሠላሳ ስምንት ብቻ ሰበሰበ። ክብሩ ትንሽ፣ ሥራው ብዙ የሆነበት አገልግሎት ዘርን ብቻ ይዞ ሰው አይጠራም። ነህምያም ለጥቂት ጊዜ ሄዶ ሲመለስ የሌዋውያኑ ድርሻ ስላልተሰጣቸው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሽተው አገኘ። መዝገቡ ሙሉ፣ ቤቱ ግን ባዶ ነበር። ያደረገውም በዕቃ ቤቶቹ ላይ ታማኝ ሆነው የተገኙትን ሰዎች ሾሞ ድርሻውን ማከፋፈል ነበር። አገልጋይ በጉባኤ ፊት እየተወደሰ ወር ሲደርስ ቤቱ የሚራብበትን ቦታ የሚያውቅ አንባቢ ይህንን ምዕራፍ በሐዘን ያነበዋል።

በሁለተኛው ቤተ መቅደስ መጨረሻ ዘመን የነበረውን ምርመራ ሚሽና የተባለው የጥንት የአይሁድ መምህራን የሕግ መጽሐፍ እንዲህ ያስቀምጠዋል። በተጠረበው ድንጋይ አዳራሽ የሚቀመጠው ጉባኤ የካህናትን ትውልድ ይመረምራል። ጉድለት የተገኘበት ጥቁር ለብሶ፣ ጥቁር ተጎናጽፎ ወጥቶ ይሄዳል። ጉድለት ያልተገኘበት ነጭ ለብሶ ገብቶ ከወንድሞቹ ካህናት ጋር ያገለግላል፤ በዚያ ቀንም በአሮን ዘር ጉድለት ስላልተገኘ ተመስገን ተብሎ ግብር ይገባል። ይህ የዘር ምርመራ ነው። የታማኝነቱን ምርመራ የሚያሳየን የጋርሙና የአብጢናስ ቤት ወሬ ነው። የጋርሙ ቤት ኅብስተ ገጹን፣ በመቅደሱ በእግዚአብሔር ፊት የሚቀመጠውን ኅብስት፣ የመጋገር፣ የአብጢናስ ቤት ዕጣኑን የመቀመም ብልሃት ከአባት ወደ ልጅ ያስተላልፉ ነበር፤ ለሌላ ማስተማርን ግን እምቢ አሉ። መምህራኑ ከእስክንድርያ ባለሙያዎችን ቢያስመጡም የእነዚያ እንጀራ ሻገተ፤ ስለዚህ የጋርሙን ቤት በዕጥፍ ደመወዝ መለሷቸው። ሚሽና ስማቸውን በነቀፋ ያነሣዋል። ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ ግን ሌላ ነገር ይጨምራል። በጋርሙ ልጆች እጅ ነጭ እንጀራ ታይቶ አያውቅም ነበር፣ ከኅብስተ ገጹ ይበላሉ እንዳይባሉ። ከአብጢናስ ቤት የወጣች ሙሽራም ሽቶ ተቀብታ አታውቅም፣ ከመቅደሱ ዕጣን ተቀባች እንዳይባል፤ ከሌላ ቤት ሲያገቡም ይህንኑ አስቀድመው ይዋዋሉ ነበር። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከልቤ የማይወጣው የዚያች ሙሽራ ነገር ነው፤ የዓለሙን ምርጥ ዕጣን ከሚቀምም ቤት ተወልዳ በሠርጓ ቀን እንኳ ሳትቀባ የምትወጣ።

በዚያው ዘመን የሊቃነ ካህናቱ ቤት በተቃራኒው ነበር። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ወልደ ማትያስ ከሄሮድስ ጀምሮ ቤተ መቅደሱ እስከ ፈረሰበት እስከ 70 ዓመት ድረስ ሃያ ስምንት ሊቃነ ካህናት እንደተፈራረቁ ጽፏል፤ ሹመቱ በሮማውያንና በሄሮድስ ቤት እጅ ገብቶ ነበርና። ታልሙድም የአንድ መምህርን ልቅሶ አስቀምጧል። ከእነዚህ የክህነት ቤቶች የተነሣ ወዮልኝ፤ እነርሱ ሊቃነ ካህናት፣ ልጆቻቸው የገንዘብ ያዦች፣ አማቾቻቸው ሹማምንት፣ ባሮቻቸውም ሕዝቡን በዱላ ይመታሉ የሚል ነው። በልቅሶው ከተጠሩት ቤቶች አንዱ የቃትሮስ ቤት ነው። በ1970 በኢየሩሳሌም ላይኛው ከተማ፣ በዚያ የጥፋት ዓመት ተቃጥሎ ጥላሸት የሞላበት አንድ ቤት ሲቆፈር፣ የቃትሮስ ልጅ ስም የተጻፈበት የሚዛን ድንጋይ ተገኝቷል።

ዛሬስ? በአይሁድ ዘንድ የካህን ልጅ ካህን የሚባለው አሁንም በአባት ሐረግ ነው። በ1997 የታተመ የዘረመል ጥናት ካህናት ነን በሚሉት መካከል፣ አሽከናዝም ሆኑ ሰፋርድ፣ ከአባት የሚወረስ አንድ ዓይነት ምልክት ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት እንደሚታይ አሳይቷል፤ በኋላ ሌዋውያን በተመረመሩ ጊዜ ግን ያን ያህል አንድነት አልታየም። አቢዳራንና ሕልቃናን ላስታወሰ ይህ እምብዛም አያስገርምም።

የእኛም ድርሻ በዚህ ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ ትውፊት በክብረ ነገሥት የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ታቦቱን ይዞ እንደመጣ ይተርካል፤ ይሁንና ቤተ ክርስቲያናችን ክህነትን በትምህርትና በአንብሮተ እድ እንጂ በዘር አትሰጥም። ከሁሉ ይልቅ ጥያቄው የሚቆረቁረው ቤተ እስራኤልን ነው። በ1973 የእስራኤል የሰፋርድ አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤላውያን ከዳን ነገድ ናቸው ብለው በወሰኑት መሠረት የአይሁድነታቸው በር ተከፈተ። በረቢዎች ሕግ ክህነት የአሮን ዘር ብቻ ነውና፣ በዚያው ሚዛን ጎንደርና ትግራይ ውስጥ ለትውልዶች ሲሠዉ፣ ሲያጋቡና ሲያስተምሩ የኖሩት ቄሶች ከአሮን ወገን አይቆጠሩም፤ የማጋባት ሥልጣናቸውም እስራኤል ከገቡ በኋላ የብዙ ዓመት ክርክርና ሰልፍ ምክንያት ሆኗል። ቄስ የሚሆነው በእድሜ ከገፋ ቄስ ሥር ኦሪትን በግእዝ ተምሮ፣ በማኅበሩ ፊት በኑሮው ተመስክሮለት ነበር፤ ብዙዎቹም የቄስ ልጆች ናቸው።

በየዓመቱ በቤተ እስራኤል በዓል በሥግድ ቀን፣ ከ2008 ጀምሮ የእስራኤል አገር በዓል ሆኖ በታወጀው ዕለት፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ በባለ ቀለም ጥላ ሥር፣ ቤተ መቅደሱ የነበረበት ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት በኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ይቆማሉ። በግእዝ ከሚያነቡት መካከል የነህምያ መጽሐፍ አለ፤ ሕዝቡ ጾሞ፣ ማቅ ለብሶ ሲሰበሰብ ሌዋውያን በደረጃው ላይ ቆመው የጮኹበት ስፍራ። ሕዝቡም እንደዚያን ጊዜው እጁን ዘርግቶ ይሰግዳል።